ስለ ውርስ ቤት ሽያጭና ስለ ደላላ አደራ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ሲሞትም ቤቱን ለልጆቹ ትቶ ይሄዳል። ከልጆቹም አንዳንዶቹ ይኖሩበታል፥ አንዳንዶቹ ይካሰሱበታል፥ አንዳንዶቹም ይሸጡታል። መሸጡ በራሱ ነውር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልንናገር ያሰብነው ስለ ሦስተኞቹ ነው፤ ይልቁንም ሻጩ ሐዘንተኛ፥ ዐቅመ ደካማ፥ ዓይኑ የፈዘዘ፥ የገበያን ነገር የማያውቅ ሲሆን በእርሱና በገዢው መካከል ስለሚቆመው ሰው ነው።

ይህ ሰው ደላላ ይባላል። አስቀድመን ስሙን እንመርምር። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ግሡ መራ፥ መንገድ አሳየ፥ አመለከተ ማለት ነው። ስለዚህ ደላላ ማለት ለሻጭ ገዢን፥ ለገዢ ሻጭን የሚያመለክት መሪ ማለት ይሆናል። በእኛ ቋንቋ ግን ደለለ ማለት አባበለ፥ አታለለ ማለት ነው፤ መደለያ የምንለውም ከዚሁ ነው። እንግዲህ በአንዱ ስም ሁለት ትርጓሜ አለ፤ አንድም መንገድ መሪ፥ አንድም አታላይ። በጭሮም በሂርናም፥ በበዴሳም በገለምሶም፥ በመሰላም ገበያ ሁለቱንም አይተናል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ አይተናል።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጭሮ ከተማ የሆነ ነገር ነው። የንስሐ ምስጢር እንዳይመስላችሁ፤ በሽማግሌዎች ፊት የተነገረና በጎረቤት ሁሉ የታወቀ ነው። የሰዎቹን ስም ግን አላነሣም። የራሴን ጥፋት አልሰውርም፤ በነገሩ ውስጥ እኔም ነበርሁና።

ጭሮ፥ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የቆረቆሯት ከተማ ናት። ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች፥ የቡናና የጫት ነጋዴም ስለሚመላለስባት፥ ትናንት ማንም ያልተመኘው የጭቃ ቤት ዛሬ ከመንገድ ዳር በመሆኑ ብቻ ብዙ ዋጋ ይጠራበታል። የቤቱ ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው ጣራው እንደሚያፈስ፥ ምሰሶውን ምስጥ እንደ በላው ነው።

በዚህች ከተማ አንዲት መበለት ነበረች። ባልዋ ከሞተ በኋላ ልጅ ስላልነበራት ወደ እናትዋ ቤት ተመልሳ፥ አሮጊቲቱን ስምንት ዓመት ስታስታምም ኖረች። በመጨረሻም እናትዋ ዐረፈች። የእርስዋም ዓይን በሞራ ምክንያት ደክሞ ነበር፤ ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለይም። ከቀብር በኋላ ለሕክምናና ለማስታመሚያ የተበደረችው ገንዘብ ቀረባት፤ የአርባው ተዝካርም ደረሰ። አንድ ደላላ መጣ። እርሱም የደብራችን ልጅ፥ በሰንበቴ ማኅበር የሚቀመጥ፥ ሰው የሚያምነው ጐልማሳ ነው። «እናቴ፥ ቤቱን እኔ እሸጥልዎታለሁ፤ ስንት ይፈልጋሉ?» አላት። እርስዋም፥ «ልጄ፥ እኔ ምን ዐውቃለሁ? ዕዳዬን ከፍዬ ለቀሪ ዕድሜዬ የምጠለልበት ከተረፈኝ ይበቃኛል» አለችው። እርሱም 700 ሺህ ብር ጥሩ ዋጋ እንደ ሆነ ነገራት።

በ23ኛው ቀን ሽማግሌዎች በቤትዋ ተሰበሰቡ፤ እኔም ተጠራሁ። ገዢው ለንግድ ወደ ድሬዳዋ ሄዷልና ደላላው ስለ እርሱ ቆመ። የመንደር ውል ተነበበ፤ 200 ሺህ ብር በፊታችን ተቈጠረ፤ ቀሪው 500 ሺህ ስሙ ሲዛወር እንዲከፈል ተባለ። መበለቲቱ በጣትዋ ፈረመች። እኔም በምስክርነት ፈረምሁ፤ ቆሜም ጸለይሁ፥ ባረክሁም። ገዢው ለምን እንዳልመጣ፥ ቤቱ በገበያ ምን እንደሚያወጣ፥ ሌላ ወራሽ መኖር አለመኖሩን አልጠየቅሁም። ቡና ጠጥተን ተበተንን።

ከሁለት ወር በኋላ በአንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከገዢው ጋር ጐን ለጐን ተቀመጥን። ሰውየው እስላም ነው፥ በከተማችን በመልካም ስም የታወቀ ነጋዴ ነው። እንደ ዋዛ፥ «አባ፥ የዚያችን እናት ቤት ገዛሁ፤ ከ900 ሺው ብር 400 ሺውን ሰጥቻለሁ፥ 500 ሺህ ይቀረኛል» አለኝ። እኔ ያየሁት 200 ሺህ ሲቈጠር ነው፤ የሰማሁትም ዋጋ 700 ሺህ ነው። ቀሪው 500 ሺህ በሁለቱም ዘንድ አንድ ስለሆነ ሻጭና ገዢ ቢገናኙ እንኳ ነገሩ አይገለጥም ነበር። «ውሉ ላይ 700 ተብሎ መጻፉን አላዩም?» ብለው፥ «ለአሹራው እንዲቀልልህ አሳንሰን ጻፍነው ብሎኛል» አለኝ። እንግዲህ ገዢውም ለመንግሥት የሚገባውን ቀረጥ ለማሳነስ ሲል የተጻፈውን ሐሰት እያየ ዝም ብሏል። አንዱ ሐሰት ለሌላው መሸሸጊያ ሆነው።

ደላላውን ጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም፤ ነገር ግን አልተጸጸተም። «አባቴ፥ ምን በደልሁ? ስንት ይበቃዎታል ብዬ ጠየቅኋት፥ የጠየቀችውን አገኘች፥ ደስም አላት። ገዢውም በፈቀደው ዋጋ ገዛ፥ ደስ አለው። በመካከል ያለው የእኔ ብልሃት ነው። የተበደለ ካለ ያሳዩኝ» አለኝ። አንባብያን ሆይ፥ ይህ ንግግር በገበያችን ሁሉ የሚነገር ነውና በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። እኔም በዚያ ሰዓት ፈጥኜ መልስ አላገኘሁለትም፤ አሳድሬ ነው የመለስሁለት።

መልሱን ያገኘሁት ከግያዝ ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ራብዕ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው፥ ሶርያዊው ንዕማን ከለምጹ ከነጻ በኋላ ለነቢዩ ለኤልሳዕ እጅ መንሻ አቀረበ፤ ነቢዩም አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላ ሮጦ፥ እንግዶች መጥተውብናል ብሎ በጌታው ስም አንድ መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ለመነ። ንዕማንም በደስታ ሁለት መክሊት ሰጠው። አሁን እንጠይቅ፤ ማን ተጐዳ? ንዕማን ባለጸጋ ነው፥ ወድዶ ሰጠ፥ እንዲያውም ከተለመነው አብልጦ ሰጠ። ኤልሳዕም ገንዘቡን አልፈለገውም። ሰጪው ደስ ብሎታል፥ ያጣ ሰው የለም። እንደ ደላላችን አነጋገር ከሆነ ግያዝ ብልህ ነው እንጂ በደለኛ አይደለም። ነቢዩ ግን ከየት መጣህ ብሎ ጠየቀው፤ ግያዝም የትም አልሄድሁም አለ። የንዕማን ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀ። በደሉ ምን ነበር ቢሉ፥ በጌታው ስም ቆሞ ጌታው የማያውቀውን ጥቅም መውሰዱ ነው። በሰው ስም የቆመ ሰው ያ ሰው ሳያውቅ የወሰደው ሁሉ፥ ሰጪው ወድዶ ቢሰጠውም የራሱ አይደለም።

የሐናንያና የሰጲራም ነገር እንዲሁ ነው። መሬቱ የራሳቸው ነበረ፥ ሽያጩም አልተከለከለም፥ ዋጋውንም ማስቀረት በፈቃዳቸው ነበር። የሞቱበት ነገር የዋጋውን ልክ መሰወራቸው ነው። በገዛ ገንዘቡ ላይ የዋጋን ልክ የሰወረ እንዲህ ከሆነ በሰው ገንዘብ ላይ የሰወረ ምን ሊባል ነው? መበለቲቱ 700 ሺህ ይበቃኛል ብትል የገበያውን ዋጋ ስላላወቀች ነው። 900 ሺህ የሚከፍል ሰው መኖሩን ሰምታ፥ «ሁለት መቶው ላንተ ይሁን» ብትለው ስጦታ ይሆን ነበር። ያልተነገራትን ግን ፈቀደች ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ስለ ግያዝ ሌላ ታሪክ አለ፤ ደላሎች ሁሉ ቢያውቁት እወድዳለሁ። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 8 ስለ ሱነማይቱ ሴት ይናገራል። ኤልሳዕ ልጅዋን ያስነሣላት እርስዋ ናት። ራብ ስለ መጣ ቤትዋንና እርሻዋን ትታ ወደ ፍልስጥኤም አገር ተሰደደች፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ ቤትዋም እርሻዋም በሌላ እጅ ነበረ። ልትጮኽ ወደ ንጉሥ ገባች። በዚያች ሰዓት ከንጉሡ ፊት ቆሞ የኤልሳዕን ተአምራት የሚተርከው ማን ነበር? ግያዝ ነው። እርስዋን ባየ ጊዜ ሴቲቱ ይህች ናት፥ ልጅዋም ይህ ነው ብሎ አመለከተ። ንጉሡም አንድ ሹም አዝዞ ቤትዋንና እርሻዋን፥ ከወጣች ጀምሮ የተሰበሰበውን የእርሻዋን ፍሬ ሳይቀር አስመለሰላት። ግያዝ በዚህ ቀን ምንም እንደ ተቀበለ አልተጻፈም። ማመልከት ማለት ይህ ነው፤ የስሙ የመጀመሪያ ትርጓሜ በዚህ ተፈጸመ።

ለምጽ የወጣበት ሰው ከንጉሥ ፊት እንዴት ቆመ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሁለት መልስ ይቻላል። አንድም ይህ ታሪክ ከንዕማን ነገር በፊት የሆነ ነው፥ የመጻፉ ተራ እንጂ የመሆኑ ተራ አይደለም ማለት ነው። አንድም ንጉሡ የነቢዩን ነገር ለመስማት ጓጕቶ ከሩቅ አቁሞ አነጋግሮታል ማለት ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የወደቀ ሰው ተመልሶ ለመበለት ምስክር ሊቆም እንደሚችል ያሳያልና። ለደላላውም የነገርሁት ይህን ነው። ሁለት ቀን አልመጣም፤ በሦስተኛው ቀን 200 ሺውን ብር በከረጢት ይዞ መጣ። ከውስጡ ጥቂት ጐድሎ ነበር፤ በወሩ ሞላው።

ገንዘቡ ቢመለስም ነገሩ በዚህ አላለቀም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ለማውጣት ስንነሣ ጸሓፊው፥ «ሟቿ ሌላ ልጅ ነበራቸው?» ብሎ ጠየቀ። ነበራቸው። ወንድምዋ ከእናቱ አስቀድሞ ሞቷል፤ ሁለት ያልደረሱ ልጆችም በሚኤሶ ከእናታቸው ጋር አሉ። መበለቲቱ ይህን የሰወረችው በተንኰል አይደለም፤ አባታቸው ከአያታቸው በፊት ስለ ሞተ ድርሻው አብሮት የሞተ መስሏት ነው። ይህ ስሕተት በሕዝባችን ዘንድ ብዙ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 የሟች ልጆች እኩል እንደሚወርሱ፥ አስቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር ተወላጆቹ በእርሱ ምትክ ገብተው እንደሚወርሱ ይደነግጋል። ሴትና ወንድ በውርስ አይለያዩም። ስለዚህ የቤቱ እኩሌታ የእርስዋ፥ እኩሌታው የሁለቱ ሙት ልጆች ነው። እኛ በዚያ ቀን ቆመን የባረክነው ሽያጭ የእጓለ ማውታን ድርሻ ሳይጠየቁ ያሳለፈ ሽያጭ ነበር። ስለ መበለቲቱ የተቈረቈርሁ እኔ ከእርስዋ የሚደክሙ ሁለት ሕፃናት መኖራቸውን አላሰብሁም። ፍትሐ ነገሥትን በጉባኤ የተማርን ሰዎች ነን፤ ከ51ዱ አንቀጽ ውስጥ ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ፥ ስለ ሽያጭም የሚናገረውን ዐውቀን በሰው ቤት ስንቀመጥ እንዴት እንደምንረሳው ይገርመኛል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር፤ ካህናት ብዙ ጊዜ ለሽምግልና እንጠራለንና። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ ለአንድ ቤተ ሰብ የቀረለት የሚኖርበት አንድ ቤት ነበር። ዛሬ በውርስ የሚተላለፉት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ያ የተረፈው አንዱ ቤት ናቸው፤ ከተሸጠም ሌላ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ሰው የሚሸጠው በላዩ የሠራውን ቤት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይናገራል። በሽማግሌ ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ብቻውን ይህን አያሟላም። አንቀጽ 1710ም የአንዱን ችግር፥ የልብ የዋህነት፥ እርጅና ወይም ግልጥ የሆነ የሥራ ልምድ ማጣት ምክንያት በማድረግ የተገኘ ስምምነት ለፍትሕ ሲባል ሊፈርስ እንደሚችል ያዝዛል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ውሉን ካፈረሰ ዕጥፍ እንደሚመልስ ደግሞ በአንቀጽ 1885 ተጽፏል፤ ሐዘንተኛን አስቸኵሎ ቀብድ ማስያዝ ወጥመድ የሚሆነው በዚህ ነው። ያልደረሱ ልጆች ድርሻ ካለበትም ሞግዚቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ሳያገኝ ሊሸጥ አይገባውም።

ይህ የምድር ሕግ ከቅዱሳት መጻሕፍት የራቀ አይደለም። ኤርምያስ በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ሲገዛ ብሩን በሚዛን መዘነ፥ ምስክሮች አቆመ፥ ውሉን ጽፎ አንዱን አተመ፥ ሁለተኛውን ክፍት ተወው፤ ለባሮክም ሰጥቶ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘ። ከተማዪቱ በጠላት ተከብባ ሳለች፥ ነቢዩም በግዞት ሳለ ነው ይህን ሁሉ ሥርዓት የጠበቀ። አብርሃምም ሚስቱን ሣራን የሚቀብርበትን ዋሻ ሲፈልግ ሐዘንተኛ ነበር። ኤፍሮን በነጻ ውሰደው ቢለው አልወሰደም፤ በከተማው በር በሚገቡት ሁሉ ፊት 400 ሰቅል መዝኖ ከፈለ። ሐዘን ሰውን ለልመናም ለችኰላም ያዘጋጃል፤ አብርሃም ግን በሁለቱም አልተያዘም።

ከዚህ የተነሣ በደብራችን አንድ ልማድ ለማስያዝ ሞክረናል። የሞተበት ሰው አርባው ሳይወጣ ቤት አይሸጥም፤ የሚሸጥ ቢሆን ካህን አይገኝበትም። የቀኖና ቃል አይደለም፥ ምክር ነው። ዕዳ አለብኝ የሚል ቢኖር እድሩና ሰንበቴው እስከዚያ ያበድሩታል። አንዳንዶች ገዢ ያመልጣል ይላሉ። ያምልጥ፤ አርባ ቀን የማይታገሥ ገዢ ብዙ ጊዜ የሚሸሽበት ነገር አለው። ሁለተኛው ነገር ተዝካር ነው። ይህች መበለት ቤትዋን ካስቸኰላት ምክንያት አንዱ ብዙ ሰው ጠርታ ማብላት ያለባት መምሰሉ ነው። ይህን ሸክም ያሸከምናት እኛ ነን። ጌታ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ስለሚበሉ ሰዎች ሲናገር የወቀሰው ደላሎችን ሳይሆን ጻፎችን ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በንጉሡ በአርቃዴዎስ ዘመን ንግሥቲቱ አውዶክሲያ የአንዲትን መበለት ቦታ ብትወስድ ገሥጿት ለስደት እንደ በቃ በስንክሳር እናነባለን፤ እኛ ደግሞ ከአንድ ደላላ ፊት ዋጋው ስንት ነው ብለን ለመጠየቅ አፈርን።

የነገሩ ፍጻሜ እንዲህ ሆነ። የሙት ልጆቹ እናት ከሚኤሶ መጥታ የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ አወጣች፤ ፍርድ ቤቱም የልጆቹ ድርሻ በስማቸው በባንክ እንዲቀመጥ አድርጎ ሽያጩን ፈቀደ። ይህ ሁሉ ሰባት ወር ፈጀ። ገዢው ሊተወው ይችል ነበር፤ አልተወውም። «እኔም ሐሰት የተጻፈበትን ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እጠብቃለሁ» አለ። አዲሱ ውል በ900 ሺህ ብር ተጽፎ ተመዘገበ፥ አሹራውም በእውነተኛው ዋጋ ተከፈለ፤ ገዢው ጥቂት ማጕረምረሙን አልሰውርም። መበለቲቱ 450 ሺህ፥ ልጆቹ እያንዳንዳቸው 225 ሺህ ደረሳቸው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የሰፈሩ አንድ አስተማሪ፥ ከሻጭም ከገዢም ወገን ያልሆነ፥ ቃል በቃል ሁለት ጊዜ አነበበላት፤ ቍጥሩንም በቃልዋ እንድትደግመው አደረጋት።

የቀረው የደላላው ዋጋ ነበር። እርሱ አልቀበልም አለ፤ ከሽማግሌዎቹም አንዳንዶቹ አይገባውም አሉ። እኔ ግን ይገባዋል አልሁ። ገዢውን ያገኘው እርሱ ነው፥ በፍርድ ቤትም ሰባት ወር የተመላለሰው እርሱ ነው፤ የተገለጠ የድካም ዋጋ ንጹሕ ገንዘብ ነው። በአገሩ ልማድ ሁለት በመቶ፥ 18 ሺህ ብር ሆነ። መበለቲቱ ከድርሻዋ፥ የልጆቹ እናትም በፍርድ ቤት ፈቃድ ከልጆቹ ድርሻ አዋጥተው ሰጡት። መበለቲቱ፥ «ልጄ፥ አሁን ስንት እንደ ወሰድህ ዐወቅሁ» አለችው። እርሱም ጐንበስ ብሎ ጕልበትዋን ሳመ። ያን የመጀመሪያውን የመንደር ውል፥ ፊርማዬ ያለበትን፥ ሽማግሌዎቹ ለእኔ መለሱልኝ፤ ሌላ ሽምግልና ስጠራ ይዤው እሄዳለሁ።